የረቡዕ ከሰዓት የቀድሞ ተጫዋቾች

ሥራ አስኪያጇ የቢሮዋን በር ዘግታ አታውቅም። የዚያን ዕለት ግን እኔ እንደገባሁ ተነሥታ ዘጋችው፤ ስለዚህ ወይ ጥፋት አጥፍቻለሁ፣ ወይ የጠየቅኩት ነገር መልስ አግኝቷል ብዬ አሰብኩ።

ሎውሪ በሚባል ሰፈር፣ ዴንቨር አልቆ አውሮራ በሚጀምርበት መንገድ ላይ ባለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ረዳት ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። አለብሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ ዊልቸር እገፋለሁ፣ ምሳ አመላልሳለሁ። ሥራውን አልጠላውም። ግን ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሶሻል ወርክ ስለነበር፣ የመዝናኛ ፕሮግራሙን የምታዘጋጀው ሴት መልቀቋን ስሰማ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይገፋፋኝ ማመልከቻ ጽፌ አስገባሁ።

"ዲግሪ አለሽ፣ ጥንቁቅ ነሽ፣ ሰዎቹም ይወዱሻል" አለችኝ ሥራ አስኪያጇ። "የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ድምፅሽን ሰምቼው አላውቅም።"

እውነቷን ነበር። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የቡድን ሥራ ሲሰጠን ጽሑፉን በሙሉ እኔ እሠራና ቆሞ የሚያነበው ሌላ ሰው ነበር። ምግብ ቤት ስንሄድ እስከ ዛሬ የምታዝልኝ እናቴ ናት።

"የረቡዕ ከሰዓቱን የጥያቄና መልስ ሰዓት ሦስት ወር ምሪው" አለችኝ። "በሦስተኛው ወር መጨረሻ መጥቼ አያለሁ። አዳራሹ ውስጥ ሰው ካለ ሥራው ያንቺ ነው። ከሌለ ሰዓቱን ሰርዤ ቴሌቪዥን እከፍትላቸዋለሁ፤ አንቺም ወደ ረዳትነትሽ ትመለሻለሽ።"

"ስለ ምንድን ነው የምጠይቃቸው?"

"ስለ ቀድሞ ተጫዋቾች። ፉትቦል፣ ቤዝቦል፣ ቅርጫት ኳስ፣ ሆኪ። ሌላ ነገር ስንሞክር እንቅልፋቸው ይመጣል።"

አመስግኜ ወጣሁ። እዚህ ፉትቦል የሚሉት የእኛን እግር ኳስ አይደለም፤ ከአራቱ ጨዋታዎች ውስጥ ኳሱ በእግር የሚመታው የትኛው እንደሆነ እንኳን እርግጠኛ አልነበርኩም።

አባቴ ግን ያውቅ ነበር። አባቴ አገር ቤት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። እዚህ እንደመጣ ግሌንዴል ውስጥ ከሦስት ሰዎች ጋር አንድ አፓርታማ ተከራይቶ ታክሲ መንዳት ጀመረ፤ እንግሊዝኛውንም የተማረው በታክሲው ሬዲዮ፣ ቀኑን ሙሉ ስለ ስፖርት ከሚጨቃጨቁ ሰዎች ነው። ለምን ዜና እንዳልሰማ ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦

"የዜናው ሰውዬ አንዴ ተናግሮ ያልፋል። እነዚህ ግን አንዷን ነገር አሥር ጊዜ ይጣሉባታል። በመጀመሪያው ያመለጠኝን በስምንተኛው እይዘዋለሁ።"

አሁን የኤርፖርት ሚኒባስ ነው የሚነዳው፤ ሬዲዮው ግን አልተለወጠም። ሰው ስታዲየም በር ላይ ድሮፕ ሲያደርግ ሃያ ዓመት ኖሯል፤ አንድም ቀን ገብቶ ጨዋታ አላየም። ስለ ተጫዋቾቹ ሲያወራ ግን የአክስት ልጆቹን የሚያማ ይመስላል። በተለይ ስላቆሙት።

"የሚጫወተውንማ ሁሉም ሰው ያውቀዋል" አለኝ ጠዋት ወደ ሥራ ሲያደርሰኝ። "ሪታየር ካደረገ በኋላ ምን ሆነ? እሱን ጠይቂያቸው። አንዱ አለልሽ፣ በር የሚያክል የፉትቦል ተጫዋች፤ አሁን ቁጭ ብሎ የአልጋ ልብስ ይሰፋል። አንዱ ደግሞ ኳስ ወርዋሪ ነበር፣ ቤዝቦል፤ ንብ ያረባል። ያ ረጅሙ፣ ቅርጫት ኳሱ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል። ወንበሩን ለሱ ሲሉ ወደ ኋላ ገፍተው ነው የገጠሙለት።"

"ይሄ ሁሉ እውነት ነው?"

"ሬዲዮ ላይ ነው የተባለው።"

እኔ ደግሞ በሬዲዮ ተባለ ብዬ የምተው ሰው አይደለሁም። አባቴ የነገረኝን ሁሉ ጻፍኩና ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ አንድ በአንድ አጣራሁ። በሁለት ቦታ ያላገኘሁትን ጣልኩ። የቀረውን በትናንሽ ካርዶች ጻፍኩት፦ ከፊት ጥያቄው፣ ከኋላ መልሱ። ጥያቄዬ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። ይህ ተጫዋች ጨዋታ ካቆመ በኋላ ምን ሠራ?

በመጀመሪያው ረቡዕ ሰባት ሰዎች መጡ። ማይኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። ሰዎቹን በሁለት ጠረጴዛ አስቀመጥኳቸው፤ ካርዱን አነባለሁ፣ ቀድሞ እጁን ያነሣው ጠረጴዛ ይመልሳል፣ ለትክክለኛ መልስ አንድ ነጥብ። ከግራው ጠረጴዛ ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ፤ አጭር፣ መነጽራቸው በአንገታቸው የተንጠለጠለ፣ አርባ ዓመት ሐኪሞችን ሲያርሙ የኖሩ ሴት። ከቀኙ ጠረጴዛ ደግሞ እሳቸው ራሳቸው የቀድሞ ተጫዋች የሆኑ አዛውንት ነበሩ። ስምንት ክረምት በባለሙያነት የበረዶ ላይ ሆኪ ተጫውተዋል። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ብጽፈውም ከዚያ ቤት ውጭ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። በክፍላቸው በር ላይ የፊት ጥርስ የሌለው ወጣት አፉን ከፍቶ ሲስቅ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ተለጥፏል። እሳቸው ናቸው።

"ጮክ በይ!" አሉኝ ነርሷ ከመጀመሪያው ጥያቄ። "እዚህ ካለነው ግማሾቻችን ደንቆሮዎች ነን!"

"ሌሎቹ ግማሾችስ?" አሉ የሆኪው አዛውንት።

"ሌሎቹ አይሰሙም።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ጮክ አልኩ።

በሁለተኛው ረቡዕ አሥር ሆኑ፤ በስድስተኛው አሥራ አምስት። ቤዝቦል ካልተጠቀሰ የማይነቁ አንድ ሽማግሌ እንኳን ከልጃቸው ጋር የነበራቸውን ቀጠሮ ሰረዙ። ንብ አርቢውን ሲሰሙ ማር የት እንደሚሸጥ ጠየቁኝ። የሆኪው አዛውንት ሁልጊዜ ከሁሉም ቀድመው ይመጣሉ፤ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። ነጥብ የሚመዘግቡ መስሎኝ ነበር። ሆኪ ከሆነ እስከዚያ ጊዜ አንድም አልሳቱም ነበር። ማታ ቤት ስገባ አባቴ የሚጠይቀኝ "ስንት ሰው መጣ?" ብቻ ነው፤ ቁጥሩን ስነግረው ለእናቴ ይደግምላታል፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ እየሰማችኝ።

ከዚያ ያ ረቡዕ መጣ።

ሁለቱ ጠረጴዛዎች እኩል ነጥብ ላይ ነበሩ። አንድ ካርድ ቀርቷል። ስለ አንድ የሆኪ ተጫዋች ነው፤ በኋላ ምን ሆነ የሚል። የሆኪው አዛውንት እጃቸውን ወዲያው አነሡ። አብሯቸው የተጫወተ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

"ፀጉር አስተካካይ" አሉ።

ካርዱን ገለበጥኩት። የሙዚቃ አስተማሪ ይላል።

ቀና ስል እያዩኝ ነበር። ፊታቸው ላይ ምንም ጥርጣሬ የለም። አሥራ አምስት ሰው እያየ፣ ማይክ ይዤ፣ እኔ የእሳቸው የልጅ ልጅ የምሆን ሴት፣ "አይደለም" ማለት ነበረብኝ። አፌ ውስጥ ቃሉ አልነበረም።

ይህን በደንብ ለማስረዳት ወደ ቤታችን መመለስ አለብኝ። በየፋሲካው ቤታችን የሚመጡ አንድ ጋሼ አሉ፤ በወጣትነታቸው ለአውራጃቸው ኳስ ተጫውተዋል። አንድ ዓመት ሁለት ጎል እንዳገቡ ነገሩን። በሚቀጥለው ዓመት ሦስት ሆነ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ "አምና ሁለት ነበር ያሉት" አልኩ። እናቴ ፊቷ ሳይለወጥ ከጠረጴዛው ሥር ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ሰውየው አሁን አምስት ደርሰዋል፤ አንዱ በግንባር ነው። እኛ እንሰማለን፣ "ይገርማል ጋሼ" እንላለን፣ ዶሮ ወጥ እንጨምርላቸዋለን። ትልቅ ሰው በሰው ፊት አይታረምም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ጭኔ ነው የሚያውቀው።

"ልክ ነዎት" አልኩ።

ነርሷ ከወንበራቸው ተነሡ። "ፀጉር አስተካካይ? የሙዚቃ አስተማሪ ነው የሆነው! የእህቴን ልጅ ትራምፔት ያስተማራት እሱ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሯችንን በልታዋለች! ካርዱን አሳዪኝ።"

ካርዱን ወደ ዩኒፎርሜ ኪስ ከተትኩት። "ካርዱ… ልክ ነው ይላል።"

"እንግዲያው አሳዪና!"

"ዳኛዋ የእነሱ ናት!" ብለው ጮኹ የቤዝቦሉ ሽማግሌ፤ ሙሉ በሙሉ ነቅተዋል።

ከቀኙ ጠረጴዛ ያጨበጨበ አልነበረም። የሆኪው አዛውንት ነርሷን አይተው፣ ኪሴን አይተው፣ ደብተራቸውን ዘግተው ተነሡ።

በሚቀጥለው ረቡዕ አራት ሰው መጣ። ከአራቱ ሁለቱ የቢንጎ ጨዋታ መስሏቸው ነው። ነርሷ አልመጡም፣ የሆኪው አዛውንትም አልመጡም። ሥራ አስኪያጇ በመስኮት በኩል አለፈች፤ ተመልሳ እንደገና አለፈች። ሦስቱ ወር ሊያልቅ የቀረው አንድ ረቡዕ ብቻ ነበር።

በማግስቱ የታጠፈ ልብስ ይዤ ወደ አዛውንቱ ክፍል ሄድኩ። ልብሱ ሰበብ ነበር። የድሮ የሆኪ ዱላቸውን አልጣሉትም፤ አልጋቸው ላይ ተጋድመው በሱ መጋረጃ እየጎተቱ ነበር።

"ባለፈው በተፈጠረው ነገር ቅር ብሎዎት ከሆነ ይቅርታ" አልኩ። "እሳቸው እንደዚያ መጮኽ አልነበረባቸውም።"

"እሷ ምን አደረገች?" አሉ። "ካርዱ ምን ነበር የሚለው?"

ካልሲዎቹን መሳቢያ ውስጥ መደርደር ጀመርኩ።

"ልጄ። ካርዱ ምን ነበር የሚለው?"

"የሙዚቃ አስተማሪ።"

"ታዲያ ለምን ልክ ነዎት አልሽኝ?"

"እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው በሰው ፊት… እንደ ማክበር ነው።"

መጋረጃውን ተዉት። ዱላውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት።

"መጫወት ያቆምኩበትን ቀን ልንገርሽ" አሉ። "አሠልጣኙ የነገረኝን ቀን አይደለም፤ እሱ ከሳምንት በኋላ ነው። የጠዋት ልምምድ ላይ ነበርን። አንድ አዲስ ተጫዋች፣ በሬ የሚያክል፣ በረዶው ላይ በሙሉ ፍጥነት ወደ እኔ መጣ። ትከሻዬን አዘጋጀሁ። ሊገጨኝ ሁለት ክንድ ሲቀረው ዞረኝ። ቀስ ብሎ፣ ዳር ዳሩን። ይቅርታ የሚል ፊት ነበረው። ጥርሴን ያወለቁት ሰዎች አክብረውኛል። እሱ ግን አልቆለታል ብሎ ነው ያዘነልኝ። ያን ቀን ጫማዬን ስፈታ አውቄዋለሁ።"

ከዚያ ደብተሩን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። በየገጹ የረቡዕ ቀን ተጽፏል፣ ከሥሩ አንድ ቁጥር። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።

"ሐኪሙ የማስታወስ ችሎታህ እየቀነሰ ነው ይለኛል። ፈተናውን አላምነውም። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ብሎ ይጠይቀኛል፤ እዚህ ቤት ቀኑን ማን ያውቃል? ሆኪን ግን አውቃለሁ። ቁጥሩ የሳትኩት የሆኪ ጥያቄ ነው። ሆኪ ላይ መሳሳት ስጀምር እኔው ራሴ ለልጄ ደውዬ እነግራታለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ሌላ ሰው ሳይነግራት። ለዚህ ነው ወዳንቺ የምመጣው። አሁን የመጨረሻውን እዪው።"

በመጨረሻው ገጽ ላይም ዜሮ ነበር፤ ከዚያ በላዩ ላይ ተሰርዟል። ሌላ ቁጥር አልተጻፈም።

"ምን ልጻፍ?" አሉኝ።

"አንድ" አልኩ። ድምፄ አልወጣም። ደግሜ አልኩት።

እስክሪብቷቸውን ፈልገው ጻፉ።

"ስሳሳት አይደለም የምትዪኝ ከሆነ ረቡዕ እመጣለሁ" አሉ። "የምትዞሪኝ ከሆነ ግን ቴሌቪዥን አለኝ።"

እራት ላይ ለአባቴና ለእናቴ ነገርኳቸው። አባቴ መጀመሪያ የቆመው ከእኔ ጋር አልነበረም፤ ከድሮዋ፣ ካርዱን ከደበቀችው እኔ ጋር ነበር የቆመው።

"ታዲያ ምን አጠፋሽ? ሽማግሌን ሰው መሃል ተሳስተሃል ይባላል እንዴ? ቆይ፣ ጥያቄው ምን ነበር?"

ነገርኩት።

"የሙዚቃ አስተማሪ!" አለ እንጀራውን አስቀምጦ። "ፀጉር አስተካካዩ እኮ ጓደኛው ነው፣ በግራ በኩል የሚጫወተው። ሰውዬሽ ብዙም አልራቁ።"

"ይኸውልሽ" አለች እናቴ። "የኔን ስህተት ለመናገርማ አንድም ቀን አፍሮ አያውቅም።"

"አንቺ ሽማግሌ አይደለሽማ።"

"ተመስገን፣ ሃያ አምስት ዓመት ስጠብቀው የነበረ ቃል!"

አባቴ ሳቀ። "እዚህ እንደመጣሁ አካባቢ" አለ፣ "ተሳፋሪ የሚሄድበትን ሲነግረኝ ደግሜ እለዋለሁ። አሳስቼ። ጨዋዎቹ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከዚያ ሌላ ቦታ እንገኛለን። አንዲት ሴትዮ ነበረች፤ አይደለም ብላ፣ ዓይኔን እያየች፣ ቃሉን ሦስት ጊዜ አስባለችኝ። ተናድጄባታለሁ። ቃሉን ግን እስካሁን አልረሳሁትም።" እጁን ሊታጠብ ተነሣና ከመታጠቢያው ሆኖ ተናገረ። "እንግሊዝኛ እርስዎ የሚባል ነገር የለውም። አክብሮቱን በድምፅሽ ነው የምታስገቢው። ስማቸውን ጥሪ። እያየሻቸው። እኛ ትልቅ ሰው ስናናግር መሬት መሬት እናያለን፤ እሳቸው ግን መሬት ካየሽ ዞርሻቸው ማለት ነው።"

ከማግስቱ ጀምሮ መኪና ውስጥ ተለማመድን። ሬዲዮውን ዘግቶ እሱ አዛውንቱን ይሆናል።

"ከዓለም ረጅሙ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ማን ነበር? እኔ!"

"አባዬ፣ በእውነት ተጫወት።"

"እሺ። ያ የፉትቦሉ ሰውዬ ዳቦ ቤት ነው የከፈተው።"

"አይደለም" አልኩ ወደ መስኮቱ።

"ለመስኮቱ ነው የምትነግሪው?"

ዞር ብዬ አየሁት። "አይደለም። ተሳስተሃል።"

ደንገጥ አለ። እየተጫወትን መሆኑን እያወቀ እንኳን ደንገጥ አለ፤ እኔም ጭኔ ላይ የሆነ ነገር ተሰማኝ። "በይ ድገሚው" አለ፣ ሀቫና መንገድ ላይ ቀይ መብራት እንደያዘን። እስክንደርስ ድረስ ዳቦ ቤት፣ ልብስ ቤት፣ ቀብር አስፈጻሚ እያለ ተሳሳተልኝ፤ እኔም አረምኩት። ስወርድ "አሁንስ በዛ" አለኝ።

ልምምዱ ብቻውን ግን ሰው አይመልስም። የመኖሪያውን በሮች አንድ በአንድ ማንኳኳት ነበረብኝ። ማይክ ከዚህ ይቀላል፤ ማይክ ላይ ቢያንስ ሁሉንም ሰው በአንድ ጊዜ ነው የምትፈሪው። በየበሩ ቆሜ ተመሳሳይ ነገር አልኩ፦ ያን ዕለት ነጥብ የሰጠሁት አላግባብ ነው፣ ካርዱንም ደብቄያለሁ፣ ረቡዕ ሰው ፊት አርመዋለሁ፣ እባክዎ ይምጡ። አንዳንዱ ምን እንደማወራ አላስታወሰም፤ ቢሆንም እመጣለሁ አለኝ። የቤዝቦሉ ሽማግሌ ኬክ ይኖር እንደሆነ ጠየቁ። ነርሷ በራቸውን በከፊል ከፍተው እስክጨርስ ሰሙኝ።

"ካርዱን ይዘሽ ነይ" ብለው ዘጉት።

ረቡዕ ዕለት ወንበር አንሶ ከምግብ ቤቱ አመጣን። ሥራ አስኪያጇ እጆቿን አጣጥፋ ከኋላ በኩል ቆመች። የሆኪው አዛውንት ከሁሉም ዘግይተው ገቡ፤ ቀኝ ጠረጴዛ፣ ከፊት፣ ደብተሩን አወጡ።

ማይኩን በአንድ እጄ ያዝኩት፣ ምክንያቱም በሌላኛው ካርዱን ይዤ ነበር። "ከሁለት ሳምንት በፊት በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ልክ ያልሆነውን ልክ ነው ብያለሁ። ካርዱ የሚለው ይሄ ነው" ብዬ ለነርሷ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ፊቱን አነበቡ፣ ጀርባውን አነበቡ፣ ወደ ብርሃኑ አድርገው እንደገና አዩት፤ ትናንት ማታ የጻፍኩት መስሏቸው ሊሆን ይችላል።

"ትራምፔት" አሉ በመጨረሻ፣ ለሁሉም እንዲሰማ። "አልነገርኳችሁም?"

የዚያ ቀን አሸናፊ ግራው ጠረጴዛ መሆኑን አስታወቅኩ። የጭማቂ ብርጭቆ አጋጩ። ከዚያ ጥያቄ ጀመርን።

አራተኛው ካርድ ስለ አንድ የሆኪ በረኛ ነበር። የአዛውንቱ እጅ ተነሣ፤ እንደ ድሮው ፈጥኖ አልነበረም።

"ዓሣ አስጋሪ ሆነ" አሉ።

ካርዱ አናጺ ነው የሚለው። እርግጠኛ ነበርኩ፤ በሦስት ቦታ አጣርቼዋለሁ። ሰዎቹ መልሱን ሳይሆን እኔን እየጠበቁ እንደሆነ ገባኝ። ዓይኔ ወደ ወለሉ ሊወርድ ሲል ያዝኩት። በስማቸው ጠራኋቸው። አየኋቸው።

"አይደለም" አልኩ። "ተሳስተዋል።"

አዛውንቱ ደብተራቸውን ከፈቱ፣ አንድ መስመር ጫሩ፣ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

"ቀጥዪ" አሉ።

ነርሷ መልሱን ያውቁት ነበር፤ ከዓይናቸው ያስታውቃል። ግን እጃቸውን ከማንሣታቸው በፊት ትንሽ ቆዩ። እሳቸው ሲቆዩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሁለት ካርድ በኋላ ሌላ የሆኪ ጥያቄ መጣ። አዛውንቱ መለሱ፤ ካርዱን ገለበጥኩ።

"ልክ ነዎት።"

"እውነት?" አሉ፣ ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው።

"እውነት። ይኸው።" ካርዱን አሳየኋቸው። የቀኙ ጠረጴዛ ጮኸ፣ እሳቸውም ሳቁ፤ ጥርሶቻቸው አሁን ሙሉ ናቸው፣ ግን ሳቁ በራቸው ላይ ያለው የፎቶግራፉ ሳቅ ነው። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ልክ ነዎት ብያቸው ነበር፤ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም።

ሰው ሲበተን ሥራ አስኪያጇ መጣች። የመዝናኛውን ዕቃ ቁም ሣጥን ቁልፍ ከመያዣዋ እያወጣች ነበር፤ ጥፍሯ ተሰብሮባት እኔ አወጣሁት።

"ሰማሁሽ" አለችኝ። ቁልፉን እጄ ላይ ተወችው።

ማታ አባቴ ስንት ሰው እንደመጣ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ለእናቴ ደገመላት። ከዚያ የበረኛውን ጥያቄ ሳነሣለት፣ አሁን ዓሣ ያስግራል አይደል አለ።

"አይደለም አባዬ" አልኩት። "አናጺ ነው።"

"ሬዲዮ ላይ…"

"አናጺ ነው።"

ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ ወደ ሳህኗ።

ይህ ከሆነ ስምንት ወር አልፏል። ሥራውን ይዤዋለሁ፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ረቡዕ ከሰዓት አሁንም የቀድሞ ተጫዋቾች ነው። የሆኪው አዛውንት በየሳምንቱ ይመጣሉ። ሲጨርሱ "ስንት?" ይሉኛል፤ የጻፉትን ከእኔ ቁጥር ጋር ያስተያያሉ። ብዙ ሳምንት አንድ ነበር። ከዚያ ሁለት። አንድ ረቡዕ ዜሮ ሆኖ ጠረጴዛውን በዱላቸው መቱት። ከገና በኋላ ሦስት ሆነ፤ ያን ዕለት ወደ ክፍላቸው ስሸኛቸው ስልኩን አቀብዪኝ አሉና እኔ ሳልወጣ ለልጃቸው ደወሉ። "እኔው ነኝ የምነግርሽ" ሲሉ ሰማሁ፤ በሩን ዘግቼላቸው ወጣሁ። ልጃቸው አሁን ረቡዕ ረቡዕ ከሌክውድ ትመጣና ከኋላ ትቀመጣለች።

ባለፈው ሳምንት አምስት ነበር። በጠየቁኝ ጊዜ የሆነ ነገር ቀንሼ መናገር አማረኝ፤ አልዋሽም፣ አሁንም ያምረኛል። አየኋቸው። አምስት አልኳቸው። ጻፉት።

አሁን የነገዎቹን ካርዶች እየጻፍኩ ነው። አባቴ አጠገቤ ሆኖ ያስታውሰኛል፣ እኔ አጣራለሁ። ስለ ሆኪ ስድስት አሉ። ቀላል አላደረግኳቸውም።